ለኅዳር ምን እናንብብ

እንቅልፍ እንቢ ካለ እንቢ ነው፣ አይለመንም፣ ስለዚህ ተነስቼ መጋረጃውን ልክፈት ወይስ እንደተጋደምኩ መጽሐፍ ልምረጥ እያልኩ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ። ሌሊቱን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ አድሬ ጠዋት የገባሁ ሰው ነኝ፣ ጎኔ ደክሟል፣ ዓይኔ ግን እንደ ዘበኛ ዓይን ፈጥጧል፣ ጥቁሩ መጋረጃ የስዊድንን ቀን ደጅ አቁሞታል፣ ቀን ተብሎስ፣ ይሄ የጥቅምት ማለቂያ ጭጋግ ቀን ከተባለ። ዛሬ እሑድ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ሳይዘጋ የኅዳርን መጻሕፍት ማዘዝ አለብኝ፣ እዚህ ቦሮስ ከተማ የአማርኛ መጽሐፍ የለም፣ ከዋና ከተማው ነው የሚያስመጡልኝ፣ ዛሬ ካላዘዝኩ ለወሩ መጀመሪያ አይደርስም። ሦስት መጽሐፍ። ሁልጊዜ ሦስት ነው፤ አንድ የምናውቀው፣ አንድ የማናውቀው፣ አንድ የምንሰድበው። ሕጉን ያወጡት አባባ ናቸው። የምናውቀው ለሆድ፣ የማናውቀው ለራስ፣ የምንሰድበው ለምላስ፣ ይላሉ፣ ሰው መሳደብ ካቆመ ያረጃል ይላሉ፣ ለአንድ ቆራቢ ሰው ይሄ ምን የሚሉት ንግግር ነው፣ ግን ደራሲን መስደብ ከኃጢአት አይቆጠርም ብለው ራሳቸው ወስነዋል፣ የንስሐ አባታቸውን የጠየቁ አይመስለኝም። የምንሰድበውን መምረጥ ቀላል ነው፣ እሱ ሞልቷል። የምናውቀው ነው ያስቸገረኝ። እኛ የሚለው ቃል ራሱ ነው ያስቸገረኝ፣ ማንና ማን ነን የምናውቀው?

አባቴ ጋሽ ደምሴ የአማርኛ መምህር ነበሩ። ከጎጃም ተመድበው ሐረር የመጡት ለሁለት ዓመት ብለው ነው፣ ሁለት ዓመቱ እስካሁን አላለቀም። ቤታችን ፈላና በር አጠገብ ነው፣ የከተማውን ግንብ ተደግፈው ከተሠሩት ቤቶች አንዱ፣ ጠዋት ጠዋት ጠመኔ የነካው ኮታቸውን ለብሰው ከበሩ ይወጡና ወደ አዲሱ ከተማ፣ ወደ ትምህርት ቤታቸው በእግር ይሄዳሉ፣ እኔ ከኋላ ከኋላ እሮጣለሁ፣ ባጃጅ ያን ጊዜ የለም፣ ቢኖርም አይሳፈሩም ነበር፣ መንገድ ላይ ግጥም ይጠይቁኛል፣ ከተሳሳትኩ ቆመን ነው የምናርመው፣ አህያ የጫኑ ሰዎች እስኪያልፉ ድረስ ጥግ ይዘን እናርማለን። እና ሐረር ደግሞ አንቱ የለም። ይሄን የማያውቅ ሰው ሐረርን አያውቅም። ልጁ ሽማግሌውን አንተ ይላል፣ ሽማግሌውም ይመርቀዋል፤ ጫት ሻጯ ዳኛውን አንተ ትላለች፣ ዳኛውም ደህና ደህናውን ምረጪልኝ ይላታል። ማንም ማንንም አልናቀም፣ እንዲያው ሰው ስለሚቀራረብ ነው። አባባ ግን ጎጃሜ ናቸው። በራፉ ላይ ያስቆሙኝና «አንተታህን ከጫማህ ጋር አውልቀህ ግባ» ይሉኛል፣ ስለዚህ እኔ ከበሩ ወዲያ ሐረሬ ነኝ፣ ከበሩ ወዲህ ጎጃሜ ነኝ፣ በቀን አሥር ጊዜ አገር እቀይራለሁ። እናቴ እልፍነሽ የሐረር ልጅ ነበረች፣ አባባንም አንተ፣ ቄሱንም አንተ፣ ከአዲስ አበባ የመጣውን ተቆጣጣሪም አንተ፣ ለሷ ሲሆን ሕጉ አይሠራም። ነፍሷን ይማርና እስክትሞት አልሠራም።

ለዚህ ነው ስዊድን ስመጣ በቋንቋው ያልተደናገጥኩት። እዚህም አንቱ የለም። ሐኪሙ «ዱ»፣ ፖሊሱ «ዱ»፣ የሥራ አለቃዬም «ዱ»፣ ትልቅ ትንሹ አንተ ነው፣ ሐረር ነው እንዴ ብዬ ስቄ ነበር፣ በረዶ የጣለባት ሐረር። ቅርበቱ ግን የለም፣ አንተ ብለውህ ሲያበቁ ቀጠሮ ይዘህ ና ይሉሃል። ሌሊቱን ሙሉ የሰው አንሶላ የማጥበው ሰውዬ የራሴን ሸሚዝ ለማጠብ ምድር ቤት ባለው ሰሌዳ ላይ ሰዓት መያዝ አለብኝ፣ የያዝኩት ሰዓት ደግሞ እንቅልፍ ሲወስደኝ ነው የሚደርሰው፣ ጎረቤቴ የወቀሳ ወረቀት ትለጥፍብኛለች፣ አንተ ብላ። የመኖሪያ ፈቃዴ እየታየ ነው ይሉኛል፣ አንተ ብለው። እስኪታይ ድረስ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። መታየት፣ መታየት፣ ምኑ ነው እንዲህ የማይታየው፣ አንድ ሰው ነኝ እኮ።

የአባባን ዓይን ግላኮማ ወሰደው። ቀስ እያለ ነው የወሰደው፣ መጀመሪያ ዳር ዳሩን፣ ከዚያ ገጹን ሙሉ፣ እሳቸው ግን ለማንም አልተናገሩም፣ መጽሐፉን ገልብጠው ይዘው ናስር ነው ያገኛቸው። ናስር አብሮ አደጌ ነው፣ ከቤታችን ጎን ሱቅ አለው፣ አሁን ለአባባ ከኔ በላይ ልጅ እሱ ነው፣ ሚስቱ ዋፊቃ ምሳቸውን ታመጣለች፣ ሥጋ አታመጣም፣ የኛ የክርስቲያኖች እርድ የተለየ እንደሆነ ታውቃለች፣ ረቡዕና ዓርብ ቅቤ እንኳ አይነካውም፣ የሁዳዴን መግቢያ ከኔ ይልቅ እሷ ነች የምታስታውሰው። ያን ቀን ናስር ደወለልኝና «ኤልሳዕ፣ ጋሽ ደምሴ መጽሐፍ ዘቅዝቆ ያነባል፣ ወላሂ ልቤ ተቃጠለ፣ አንድ ነገር አድርግ» አለኝ። ምን ላድርግ፣ ምን በእጄ አለ፣ አፍ ነው ያለኝ። ስለዚህ በአፌ አነብላቸዋለሁ አልኩ፣ በስልክ፣ በየእሑዱ። ናስር ድምፁ ከፍ የሚል ስልክ ገዛላቸው፣ ማንሻዋን ቁልፍ በጣታቸው ለምደዋታል። እንዲህ ጀመርን። የወሩ የመጨረሻ እሑድ ሲሆን አናነብም፣ እንመርጣለን። ከማንበቡ ይልቅ መምረጡን ይወዱታል፣ ገበያ የወጡ ይመስላቸዋል መሰለኝ፣ የመጽሐፍ ስም አይጠሩም፣ ያ ቀዩ፣ ያ የተገነጠለው፣ ያ ባለ ባቡሩ ነው የሚሉት። «ባለ ባቡሩ ይሁን» ይላሉ። «አባባ፣ እሱን እኮ በሰኔ ጨርሰነዋል» እላቸዋለሁ። «በሰኔ የበላህ ለኅዳር ይሆንሃል እንዴ? ድገመው!» እንከራከራለን፣ ይቆጡኛል፣ እቆጣለሁ፣ ናስር ከሱቁ ሆኖ ይስቃል፣ ይሰማኛል ሳቁ። በሳምንቱ ውስጥ ሰው የሆንኩበት ሰዓት እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ በመስከረም አንድ እሑድ ደወልኩ። «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ?» አሉኝ። ሳቄ መጣ። «አባባ፣ ዛሬ ደግሞ ሾሙኝ!» አልኳቸው፣ እሳቸውም ትንሽ ሳቁ፣ ለሰው ደስ እንዲለው የሚሳቅ ሳቅ፣ አሁን ነው የገባኝ። አነበብኩ። ስጨርስ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ያነባሉ» አሉ። ደህና ያነባሉ! አባባ! ተሳስቼ ካነበብኩ አህያ እስኪያልፍ የሚያሳርሙኝ ሰውዬ! ያን ቀንም እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ በደስታ ነው ያልወሰደኝ። በሳቸው አገር ልጅ ሲቀስስ ወይም ትልቅ ሰው ሲሆን አባት ራሱ አንቱ ይለዋል ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ። እና አልኩ፣ ይኸው፣ አርባ ዓመት ሞላኝ፣ ቤት አልሠራሁ፣ አላገባሁ፣ አንሶላ አጥባለሁ፣ ግን አባቴ ድምፄን ሰምተው ሰው ሆነሃል አሉኝ አልኩ። ለአንድ ሰው ካልነገርኩ ልፈነዳ ነው። ሥራ ቦታ አብራኝ የምታጥፈዋን ስዊድናዊት ይዤ አባቴ በክብር ጠራኝ አልኳት፣ እንዴት አለች፣ አንድ ሰው ሆኜ ሳለ እንደ ብዙ ሰው አድርጎ ጠራኝ አልኳት፣ ብዙ ናችሁ እንዴ አለችኝ። ተውኩት። ያን ሁሉ ሳምንት ግን ቀና ብዬ ነው የሄድኩት፣ አውቶቡስ ውስጥ ሰው እንዲህ አይቶኝ ይሆናል፣ ይሄ ጥቁር ሰውዬ ምን አግኝቶ ነው ብሎ ይሆናል። አንቱ ተብዬ ነው! ሞኝ። አይ ሞኝነት፣ አይ ኤልሳዕ።

ለናስርም ነገርኩት። ዝም አለ። ናስር ዝም የሚል ሰው አይደለም፣ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፣ ግን ደስታ ያደነቁራል፣ ሌላ እሑድ አለፈ፣ ሌላም፣ እንደምን ዋሉ፣ ይበርቱ፣ ምን ላድርግልዎ፣ እኔ እየተኮፈስኩ እቀበላለሁ። በኋላ ናስር ራሱ ደወለ። «ኤልሳዕ፣ አንተ ወንድሜ ነህ፣ ልዋሽህ አልችልም» አለኝ። «ወላሂ አላወቀህም። ስልኩን ስትዘጋ ይሄ ሰውዬ ማነው ይለኛል። አንድ ቀን እንዲያውም ሬዲዮ ነው እንዴ አለኝ።» እንዴት አላወቁኝም፣ ስሜን ረሱት እንዴ አልኩት። «ኧረ ስምህን አልረሳም፣ እሱማ ባሰ፣ ኤልሳዕ ከትምህርት ቤት አልገባም፣ በሩን ክፍት ተዉለት ይላል። ዋፊቃ እስኪተኛ ድረስ ገርበብ አድርጋ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ትዘጋለች። ሶብር አድርግ ወንድሜ፣ አላህ ያመጣውን ምን ታደርገዋለህ።» ያን ጊዜ የት እንደነበርኩ አላስታውስም። ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነበርኩ መሰለኝ፣ ማሽኑ ሲዞር ትዝ ይለኛል፣ የኔ ሰዓት አልነበረም፣ የሰው ሰዓት ሰርቄ ነው የማጥበው፣ ያቺ ጎረቤቴ መጥታ አየችኝና ያን ቀን ወረቀት አልለጠፈችም።

በዓለም ላይ ስንት ሰው አለ፣ ይሄ ሁሉ ሰው አንተ ይለኛል፣ ንጉሥ ቢገጥመኝ እዚህ አገር አንተ ነው የሚለኝ። አንቱ የሚለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም አባቴ ነው።

እና ነገርኳቸዋ። ሰው ዝም ይላል እንዴ? በሚቀጥለው እሑድ ገና ስልኩን እንዳነሱ «አባባ፣ እኔ እኮ ኤልሳዕ ነኝ፣ ልጅዎ» አልኳቸው። ድምፃቸው በራ፣ «እንዴ! እርስዎም ኤልሳዕ ነዎት? ልጄም ኤልሳዕ ነው፣ ሞክሼ ናችኋ!» አሉኝ። ሞክሼ። ከራሴ ጋር ሞክሼ ሆንኩ። አይደለም አባባ፣ እኔ ራሴ ነኝ አልኩ፣ የእልፍነሽ ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት ከኋላዎ የምሮጠው እያልኩ ቀጠልኩ፣ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ እዚያ ላይ ነው የተበላሸው። ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው «ናስር! ናስር!» ሲሉ ሰማሁ። «ይሄ ሰውዬ ስለ ልጄ ዳር ዳር ይላል፣ ድምፁ ልክ አይደለም፣ ልጄ ምን ሆኖ ነው? መርዶ ይዞ ነው አይደል? ንገሩኝ፣ እኔ ወንድ ነኝ፣ ንገሩኝ!» እውነታቸውን ነው፣ የኛ ሰው መርዶ ሲያረዳ እንዲህ ነው ዳር ዳር የሚለው፣ የሟቹን ስም እየደጋገመ፣ ልጅነቱን እያነሳ። የልጃቸውን ሞት የማረዳ መሰልኳቸው። ናስር ሮጦ ገባ፣ «ምንም አልሆነም ጋሽ ደምሴ፣ ልጅህ አማን ነው፣ በቁርዓን እምልልሃለሁ» ሲል ይሰማል፣ አባባ ያለቅሳሉ፣ እኔ ደግሞ እዚህ ቦሮስ በቁሜ ሲለቀስልኝ እሰማለሁ። ከዚያ ወዲያ እኔ ነኝ ማለት አልችልም። አባባ ማለትም አልችልም። ልጅዎ ነኝ ባልኩ ቁጥር ልጃቸውን እገድልባቸዋለሁ።

ልሂድ እንዴ? ፈቃዱ ይቅርና ልሂድ? ስንት ጊዜ ሻንጣዬን አይቼዋለሁ። ሄጄስ ምን እሆናለሁ፣ ፊታቸው ብቆም አያዩኝም፣ ያለኝ ድምፄ ነው፣ ድምፄን ደግሞ አያውቁትም፣ እጄን ይዘው ይግቡ ይቀመጡ ይሉኛል፣ ለእንግዳ ወንበር ያስመጡልኛል። በአባቴ ቤት። አልችልም፣ ፈሪ ነኝ፣ ፈቃዱን ሰበብ አደርጋለሁ እንጂ እውነቱ እሱ ነው፣ ያቺን ወንበር ነው የምፈራው።

ስለዚህ መጽሐፍ። ለኅዳር የምናውቀው ባለ ባቡሩ ይሁን ብያለሁ፣ ዛሬ ሲነጋ ጀምሮ ሳስበው የነበረው እሱን ነው። የድሬዳዋ ጣቢያ ሹም ታሪክ ነው፣ ልጅ ሆኜ ኩፍኝ ሲይዘኝ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጠው ያነበቡልኝ፣ የሹሙን ድምፅ በአፍንጫቸው ያወጡታል፣ «ማነህ ያለ ትኬት የቆምከው!» ሲሉ ትኩሳቴን ረስቼ እንከተከታለሁ። እኔም እንደሳቸው በአፍንጫዬ ባነበውስ? ስም ሳልጠራ፣ ልጅዎ ነኝ ሳልል፣ ዝም ብዬ የሳቸውን ድምፅ መልሼ ብሰጣቸውስ? ሰው የልጁን ድምፅ ይረሳል፣ የራሱንስ ይረሳል? ምናልባት በመሀል ቆም ይሉና አንተ ይሉኛል፣ አንተ ኤልሳዕ ይሉኛል፣ ሌላ አልፈልግም፣ እሷን አንዲት አንተ። ተነሳሁ፣ መጋረጃውን ከፈትኩ፣ ብርሃን የለም፣ ግድ የለም፣ ደወልኩ።

ናስር ነው ያነሳው። «አለ፣ እዚሁ ነው፣ ልስጥህ» አለኝና ወደ አባባ ዞሮ «ጋሽ ደምሴ፣ ያ የሚያነብልህ ሰውዬ ነው» ሲል ሰማሁት። ወዲያው ወደ ስልኩ ዝቅ ብሎ «አፉ በለኝ ወንድሜ፣ እንዳይደነግጥብኝ ብዬ ነው» አለ። አፉ ብያለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ?» አሉ አባባ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ፣ ጋሽ ደምሴ?» አልኩ። በሕይወቴ አባቴን በስማቸው ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው፣ ምላሴ ላይ የሰው ስም ሆነ።

«ወሩ አለቀ አይደል? ዛሬ የኅዳሩን ነው የምንመርጥ» አሉ፣ ይሄን አልረሱትም፣ ይሄን ሁሉ ረስተው ይሄን አልረሱትም። «አንድ የምናውቀው፣ አንድ የማናውቀው፣ አንድ የምንሰድበው። የሚሰደበውን እርስዎ ይምረጡ፣ እንግዳ አይነፈግም።»

«የምናውቀው ባለ ባቡሩ ቢሆንስ?» አልኩ። «የጣቢያው ሹም።»

«ባለ ባቡሩ» ብለው ደገሙት፣ መጣ፣ እየመጣ ነው አልኩ።

«እሱን እንኳ ይተዉት» አሉ ቀስ ብለው። «ቅር እንዳይልዎ። እሱ የልጄ ነው። ከልጄ ጋር ነው የማነበው፣ ከሌላ ሰው ጋር ከጨረስኩት ሲመጣ ምን እለዋለሁ? ሌላ ያሻዎትን ይምረጡ፣ እሱን ግን እናቆይለት።»

«እሺ» አልኩ። «እናቆይለት።»

«አልተቀየሙኝም?»

«ኧረ አልተቀየምኩም።»

«ደግ ሰው ነዎት» አሉ፣ ድምፃቸው ቀለል አለ። ሌሎቹን መረጥን፣ የንብ አርቢዋን ታሪክ ለማናውቀው፣ አንድ ወፍራም የፍቅር ልቦለድ ለስድብ፣ አልተከራከሩኝም፣ እንግዳ ያለውን ሁሉ እሺ ይላሉ፣ የተከራከሩኝ ቢሆን ምን ነበር። ስንጨርስ ልሰናበት ስል «አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉኝ። «እርስዎ አባት አለዎት?»

«አሉኝ።»

«ያነቡላቸዋል?»

«አነብላቸዋለሁ» አልኩ።

«መቼ መቼ ነው የሚደውሉላቸው?»

«እሑድ እሑድ።»

«ዛሬ እሑድ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ ከማያውቁት ሽማግሌ ጋር ምን ይሠራሉ!» ተቆጡኝ፣ እንደ ድሮው ተቆጡኝ፣ እንባዬ መጣ። «አባትዎ ይጠብቁ የለም እንዴ? ልጁ እስኪደውል የሚጠብቅ ሰው ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የሚውለው፣ እኔ አውቀዋለሁ፣ ውኃ ሊጠጣ እንኳ አይነሳም። በሉ ይዝጉ፣ አሁን ይደውሉላቸው። ለኔ ሲሉ።»

«እሺ፣ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁ። ስልኩን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ደጅ ዝናብ ጀምሯል፣ ጎረቤቴ ደረጃውን ትወርዳለች፣ የሷ ሰዓት ነው። አባት የሚያዘውን ልጅ ያደርጋል። ያንኑ ቁጥር መትቼ ደወልኩ። አንዴ እንኳ በቅጡ ሳይጮኽ አነሱት፣ ትንፋሻቸው ይሰማኛል፣ ሲጠብቁ የቆዩ ይመስላሉ።

«አቤት» አሉ። «ማን ልበል?»